ጋሽ ኦይታ ያሰሩት ኮምፒዩተር

ድር ሲያደራ ያደገ ሰው በቀላሉ አያምንም። ክር ሲገዙት ጠንካራ መስሎ ይታያል፤ የሚበጠሰው ድሩ ተዘርግቶ፣ ግማሹ ተሸምኖ፣ የገበያው ቀን ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ልባም ሸማኔ ክሩን ከመሸመኑ በፊት ሳብ፣ ጠበቅ፣ ለቀቅ አድርጎ ይፈትነዋል። ጋሽ ኦይታ በኦቾሎ ተራራ ላይ ከአባታቸው ሥር ተቀምጠው የተማሩት ይህንኑ ነበር። ትምህርት ቤቱንማ አራተኛ ክፍል ላይ ተሰናብተውታል። በኋላ ጉልበታቸው ታሞ ከሸማኔ ጉድጓድ መውጣት ግድ ሲሆንባቸው ወደ አርባ ምንጭ ወረዱና፣ ሲቀላ በተባለው ሰፈር በሚገኘው የጌጤ የሒሳብ ሥራ ቢሮ በመጀመሪያ በር ጠባቂ፣ ቀጥሎም የሰነድ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ክሩን ትተው ሰውን ሳብ፣ ጠበቅ፣ ለቀቅ እያደረጉ ይፈትኑ ጀመር።

የቢሮው ባለቤት ጌጤ ራሷ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ደንበኞቿ የሙዝ ነጋዴዎች፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች፣ እንዲሁም መድኃኒት ቤቶች ናቸው። እነዚህ ሁሉ ደረሰኛቸውን አንዱ በፌስታል፣ አንዱ በካርቶን፣ ሌላውም በኪሱ አጭቆ ያመጣል። ጋሽ ኦይታ ይረከባሉ፣ ይደረድራሉ፣ ያስራሉ። የሚያስሩት ግን እንደማንኛውም ሰው በላስቲክ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን የክር ቀለም መርጠውለታል። የሙዝ ነጋዴው ይፍሩ ቢጫና አረንጓዴ ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ነጭና ቀይ፤ በሐይቁ ላይ ጀልባ የሚያከራየው ሰውዬ ሰማያዊ ከጥቁር ጋር። በእሽጎቹ ላይ ስም የሚባል ነገር አይጻፍም።

«ጋሽ ኦይታ፣ ስማቸውን ቢጽፉበት ምናለ?» ትላቸዋለች ጌጤ።

«ስም ማንም ያነባል» ይሏታል።

በዚህ አሠራር ሌባ አንዲት እሽግ ለይቶ ማውጣት አይችልም ነበር። የቢሮው ሰውም አይችልም ነበር።

የማይተካ ሰው መሆን ያኮራል፤ ጋሽ ኦይታም ይኮሩ ነበር። ችግሩ፣ የማይተካ ሰው ዕረፍት አያገኝም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ጌጤ ደውላ፣ በሹክሹክታ «ከበሩ በስተግራ፣ ከላይ፣ ጥቁሩ ሰማያዊውን የጠመጠመበት» እያሉ ሲመሯት፣ አጠገባቸው የነበሩ ሽማግሌ ሟቹን የሚመለከት ምስጢር መስሏቸው ጆሯቸውን አቅንተው ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን መስቀል ነበር። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ዓመታዊ ሒሳባቸውን የሚያቀርቡት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በዓሉ በሥራው መካከል ይወድቃል። ለጋሽ ኦይታ አገር ሰው መስቀል በአንድ ቀን የሚያልቅ በዓል አይደለም። ከተማ ያለው ሁሉ ወደ ደጋው ይወጣል፤ የተጣላው ይታረቃል። በዓሉ አልፎ የገበያው ቀን ሲደርስ ደግሞ በዓመቱ የተዳሩ ሙሽሮች አጊጠው፣ ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ገበያውን እየዞሩ ለአገሩ ሰው ይታያሉ፤ ሽማግሌዎችም ይመርቋቸዋል። ይህ ሥርዓት ሶፌ ይባላል። በጋሽ ኦይታ ቤት አባት በዚያ ቀን ከገበያው ዳር ቆሞ ልጁ ስታልፍ ካላየ፣ ሠርጓን አልጨረሰላትም ማለት ነው።

የበኩር ልጃቸው ሶፌ በወጣችበት ዓመት፣ ጋሽ ኦይታ በዓሉን ብቻ ውለው በማግስቱ ወደ እሽጎቻቸው ተመልሰው ነበር። ዘንድሮ ተራው የመጨረሻዋ ልጅ፣ የሻሺቱ ነው። ነሐሴ ላይ ደወለችላቸው።

«አባዬ፣ እኔም እንደ እህቴ ልሆን ነው?»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብለው ዘጉት። ኔትወርኩ ግን ደህና ነበር።

ኑኃሚን በቢሮው የተቀጠረችው በዚያው ክረምት ነበር። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥታ፣ ሙቀቱን እየረገመችና ማንጎውን እየወደደች፣ ዩኒቨርሲቲውን ስትጨርስ በዚያው የቀረች ወጣት ናት። ሥራ በጀመረች ሰሞን ወደ ሰነድ ክፍሉ ብቅ አለችና፣

«ጋሼ፣ የይፍሩን የግንቦት ደረሰኝ ይሰጡኛል?» አለቻቸው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈነች።

«ግለጪ።»

ቢጫና አረንጓዴው እሽግ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ኦይታ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «ኮምፒዩተርሽ እንዲህ ይፈጥናል?» ሲሉ ጠየቋት።

«አይፈጥንም» ብላ ከልቧ ሳቀችና ቋጠሮውን ፈታች። ወዲያውም ሳቋን አቆመች። ደረሰኞቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ጫፋቸው ተስተካክሏል፤ ነገር ግን አንድም ጽሕፈት የለባቸውም። ሁሉም ንጹሕ፣ ነጭ ወረቀት ሆነዋል።

«ለውጦብኛል!» አሉ ጋሽ ኦይታ።

«ማን?»

«ይፍሩ ነዋ! ባዶ ወረቀት አስረክቦኝ ሄዷል!»

ይፍሩ ተጠርቶ ከኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ከሙዝ ማሳው፣ በሞተር ሳይክል ደረሰ። የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሷል።

«ጋሽ ኦይታ፣ እኔ የምሸጠው ሙዝ ነው። ባዶ ወረቀት ሰብስቤ ምን አገኛለሁ?»

«የምጠይቅህ እኮ እሱን ነው!»

ኑኃሚን በመካከላቸው ገባችና፣ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣ ደረሰኝ ቀለም ተቀብቶ እንደማይታተም፣ ጽሕፈቱም ሙቀትና ብርሃን ሲበዛበት እየደበዘዘ እንደሚጠፋ አስረዳች። ጋሽ ኦይታ ግን በቃል የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ከታችኛው መደርደሪያ አንድ እሽግ አውርደው ፈቱ፤ ይነበባል። ከመካከለኛው ፈቱ፤ ገርጥቷል። ወንበር ላይ ወጥተው ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ያለውን ፈቱ፤ ነጭ ነው። እንደገና ወርደው ከታች ጀመሩ። ቆርቆሮው ከላይ እንደ ምጣድ ይግል ነበር። በጣም የሚያምኗቸውን ደንበኞች እሽግ ከሁሉ በላይ፣ እጅ ከማይደርስበት፣ ያስቀመጡት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ጋሽ ኦይታ ይቅርታ መጠየቅ የማይሆንላቸው ሰው ስለሆኑ፣ ለይፍሩ የራሳቸውን ወንበር አቀረቡለት፤ ቀዝቃዛ ለስላሳም አስመጡለት። ይፍሩም ተረድቶ ጠጣ። የጠፋውን ከሻጮቹ ግልባጭ እየጠየቀ ሊያሟላ ቃል ገብቶ ሄደ።

ጌጤም በዚያው ቀን ወሰነች። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ደንበኛ ደረሰኙን በተቀበለበት ሰዓት በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ ኑኃሚን በምትከፍትለት የጋራ ማኅደር ውስጥ ይከታል፤ ወረቀቱ ሲመቸው ይመጣል። ደግሞም ዕቃ ቤት ተጥሎ የነበረው አሮጌ ስክሪን አቧራው ተጠርጎ ከጌጤ ኮምፒዩተር ጋር ተገናኘ፤ በአንደኛው ደረሰኙን፣ በሌላኛው ሒሳቡን ጎን ለጎን እያየች ትሠራ ጀመር። ቀድሞ ለማመሳከር ብቻ ስታትመው የነበረው የወረቀት ክምር ቀረ። አዲስ ማሽን አልተገዛም፤ ያለው ነገር ተገጣጠመ እንጂ።

«ፎቶው የት ነው የሚቀመጠው?» ሲሉ ጠየቁ ጋሽ ኦይታ።

«እዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው ጋሼ» አለች ኑኃሚን። «ግልባጩ ደግሞ ሩቅ አገር፣ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል።»

«አይተሽዋል?»

«የቱን?»

«ሩቅ አገር ያለውን።»

«እሱንስ አላየሁትም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ጌጤ ቀስ ብላ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ወረቀቱስ ለቀቀ» አለች። ጋሽ ኦይታ ሰምተዋታል። የሰሙ ግን አልመሰሉም።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቢሮው ሲዘጋ ጋሽ ኦይታ የኑኃሚንን ላፕቶፕ ይከድኑና በጥቁር የጥጥ ክር ዙሪያውን ጠምጥመው ያስሩታል። ቋጠሮው አባታቸው ያስተማሯቸው ነው፤ ሌላ ሰው ቢፈታው እንደነበረ መልሶ ሊቋጥረው አይችልም። ጠዋት መጥተው ቋጠሮውን በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ያያሉ፣ ከዚያ ይፈታሉ። ኑኃሚን ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ ትጠብቃለች።

«ጋሼ፣ አዞ እንዳይበላው ነው?»

«አዞስ በግልጽ ነው የሚበላው።»

አንድ ቀን ማታ ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት፣ ጋሽ ኦይታ የይፍሩን ማኅደር እንድታሳያቸው ጠየቋት። የመጨረሻው ፎቶ የመኪና ነዳጅ ደረሰኝ ነበር። በልባቸው ያዙት፣ ከደኑ፣ አሰሩ፣ ሄዱ። በማግስቱ ቋጠሮው እንደታሰረ ነበር፤ ፈቱት። ኑኃሚን ከፈተች። ጥቂት ቆይቶ ከነዳጁ ደረሰኝ በታች አንድ ፎቶ ብቅ አለ፤ ከሥሩ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ።

«እጅሽን አንሺ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ኦይታ። «ምንም እንዳትነኪ!»

መስኮቱን አዩ፤ ተቀርቅሯል። የበሩን ቁልፍ አዩ፤ አልተነካም። የፈቱትን ክር አንስተው መረመሩት። ከዚያ ወደ ጌጤ ክፍል በቀጥታ ገቡ።

«ወይዘሮ ጌጤ፣ ሌሊት ቢሮው ውስጥ ሰው ገብቷል።»

ጌጤ ደንግጣ ተነሣች። «ምን ወሰደ?»

«ምንም አልወሰደም። አምጥቶ ነው የሄደው።»

ጌጤ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። «ጋሽ ኦይታ፣ እንዲህ ያለውን ሌባ ካገኙት ያምጡልኝ፤ እቀጥረዋለሁ።»

እርሳቸው ግን አልሳቁም። ስልካቸውን አውጥተው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው ለይፍሩ ደወሉ።

«ይፍሩ፣ ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ምዕራብ ዓባያ ሙዝ ሳስጭን ነበር። ደህና አደሩ ጋሽ ኦይታ?»

«እዚህ ቢሮ አልመጣህም?»

«በዚያ ሰዓት ምን ላደርግ? ደረሰኜን በስልኬ ልኬያለሁ እንጂ። ምነው? እንደገና ባዶ ሆነ እንዴ?»

ኑኃሚን አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ኦይታ ስልኩን ዘጉና ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ክሩ አሁንም በጣቶቻቸው መካከል ነበር፤ ሳብ፣ ጠበቅ፣ ለቀቅ ያደርጉታል። ያሰቡትም እንዲህ ነበር፦ ቋጠሮው አልዋሸም፤ እጅ አልነካውም። ይፍሩም አልዋሸም፤ ምዕራብ ዓባያ ነበረ። እንግዲያው ሰውዬው ሳይመጣ መጥቷል። ሰው ሳይመጣ መምጣት ከቻለ፣ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ሄዶም እንዳልሄደ መሆን ይችል ይሆን?

እዚያው ድረስ የቡና ቁርሷን ይዛ የመጣችውን ኑኃሚንን ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ይፍሩ ሩቅ ሆኖ ካስገባ፣ እኔ ኦቾሎ ብሆን እናንተ ፈልጋችሁ ማውጣት ትችላላችሁ?»

«የፎቶውን እንችላለን። የድሮው እሽግ ነው አስቸጋሪው። የክሩን ቀለሞች ከነገሩኝ ግን . . .»

አልጨረሰችውም። ያቺ ጥያቄ ከባድ መሆኗን እርሷም ታውቅ ነበር። ጋሽ ኦይታ ቀለሞቹን ለባለቤታቸው እንኳ ነግረው አያውቁም። አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ዲግሪ ባላቸው መካከል ወንበር ያገኘው በእነዚያ ቀለሞች ነው።

«ነገርኩሽ እንበል» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ እኔ ምን እሠራለሁ?»

«ለልጅዎ ሶፌ ይሄዳሉ» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። ጌጤ ናት። «ከዚያ ተመልሰው ይመጡና ይፍሩን በሌብነት ይከሱልኛል። ያለ እርስዎ ማን ይጠረጥርልናል?»

ጋሽ ኦይታ ፈገግታቸውን በጢማቸው ውስጥ ሸሸጉት።

በማግስቱ ከኑኃሚን አጠገብ ተቀምጠው፣ የምስክርነት ቃል እንደሚሰጥ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀለሞቹን አንድ በአንድ ነገሯት። ኑኃሚን የእያንዳንዱን ክር ፎቶ አንስታ በስክሪኑ ላይ ለየደንበኛው ማኅደር መለያ ምስል አደረገችው። የይፍሩን ክር ፎቶ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ የሙዝ ቢጫ አይደለም፤ የሽሮ ነው።»

«መብራቱ ነው ጋሼ።»

«መብራቱን አስተካክይው።»

ወደ ውጭ አውጥታ በቀን ብርሃን እንደገና አነሣችው። አሁን ሙዝ ሆነ። ባለቤቱ ገና ላልታወቀ ነገር ደግሞ ያልተነከረ ነጭ ክር ሰጧትና «ያልተለየ» የሚል ማኅደር ተከፈተ። ያንን ማኅደር በጋሽ ኦይታ ስልክ ላይ አደረገችላቸውና ደረሰኝ እንዴት እንደሚነሣ አስተማረቻቸው፦ ቀጥ ተደርጎ፣ ከፊት ለፊት፣ አራቱም ማዕዘን ገብቶ። ከዚያ አንዲት ምልክት ይነኩና ይሄዳል። ጋሽ ኦይታ ወረቀት ሁሉ፣ የሎተሪ ቲኬት ሳይቀር፣ እያነሡ ተለማመዱ።

የመስቀል ዋዜማ ሲደርስ ቁልፉን ለጌጤ አስረከቡ፤ መልሰው ተቀበሏት፤ በሩን ራሳቸው ሞከሩት፤ እንደገና አስረከቡ።

«ሥራ በጀመራችሁ ቀን ትደውላላችሁ» አሉ። «ስልኬን አልዘጋም። የምትፈልጉትን እሽግ እንደማታገኙት አውቃለሁ።»

ሚኒባሱ ከዋናው መንገድ አወረዳቸው፤ የቀረውን ዳገት ታማሚ ጉልበታቸውን በምርኩዝ እያባበሉ ወጡት። ከላይ ብርዱ ተቀበላቸው፤ ከታች የዓባያ ሐይቅ እንደ ቀይ አፈር ቀልቶ ተዘርግቷል። በዓሉን ዋሉ፤ በሉ፤ ከአንድ የቆየ ጎረቤት ጋር ታረቁ። የገበያው ቀን ሲነጋ የአገራቸውን ባለቀለም ሽመና፣ ዱንጉዛቸውን፣ ለብሰው ከባለቤታቸው ጋር ከገበያው ዳር ቆሙ። ቢሮው የተከፈተው በዚያው ጠዋት ነው። ስልኩ በደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አወጡት፤ አዩት፤ መለሱት። ጥቂት ቆይተው እንደገና አወጡት።

«ልጅህን ለስልኩ ነው እንዴ የዳርካት?» አሏቸው ባለቤታቸው።

«ቢሮው ችግር ላይ ነው። አፍረው ነው ያልደወሉት።»

ሳይደወል ረፈደ። ጋሽ ኦይታ በመጀመሪያ ተገረሙ፤ ቀጥሎ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ከዚያ ግን ከትከሻቸው ላይ አንድ ሸክም እየወረደ መሆኑ ተሰማቸው። ይህን ያህል ዘመን ተሸክመውት ሳሉ ሸክም መሆኑን አያውቁትም ነበር።

«ዮ ማስቃላ!» የሚል የመስቀል ሆታ ከገበያው ጫፍ ተነሣ። ሙሽሮቹ መጡ። ሻሺቱ ከመካከላቸው ነበረች፤ ራሷ ላይ ያለው ቅቤ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ዓይኗን እንደ ሥርዓቱ ዝቅ አድርጋ ትራመዳለች። አባቷ ከቆሙበት ስትደርስ ግን ሥርዓቱን ረስታ ቀና አለች።

«አባዬ!» አለች። «ኔትወርኩ ተስተካከለ?»

በአካባቢው የቆመው ሰው ምን እንደተባለ ሳያውቅ፣ ጋሽ ኦይታ ሲስቁ አይቶ ብቻ ሳቀ። እኒያ ጥርሳቸውን ለማንም የማያሳዩ ሰው ድምፃቸውን አውጥተው ይስቁ ነበር፤ ዓይናቸውም እንባ አቅርሯል። ሽማግሌዎቹ መረቋት፤ እርሳቸውም «አሜን» ሲሉ ከሁሉም ድምፅ በላይ ተሰማ።

ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

«ቀጥ በይ» አሏት። «ወደ እኔ። ሚዜዎቹ ፈቀቅ በሉ፤ አራቱም ማዕዘን ይግባ።»

አነሡ። ከዚያም ፎቶ ለመላክ የሚያውቋት አንዲት መንገድ ብቻ ስለሆነች፣ ያቺኑ ምልክት ነኩ።

ብዙም አልቆየ፣ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ኦይታ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «አላልኩም?» አሉና አነሡት። «ኑኃሚን! ምን ጠፋ?»

«ምንም አልጠፋም ጋሼ። የፈለግነውን እሽግ ሁሉ አግኝተናል፤ የይፍሩም ሒሳብ አልቋል። ግን አሁን ‹ያልተለየ› ማኅደር ውስጥ አንዲት ሙሽራ ገብታለች። ባለቤቷ ማን ነው?»

ከበስተኋላ የጌጤ ድምፅ ተሰማ። «ላሟስ ጋሽ ኦይታ? ያቺ የሰማይዋ?»

«ትታለባለች!» ብለው ጮኹ፤ የገበያው ሰው ዞሮ አያቸው። «ሙሽራይቱ የእኔ ናት፤ ከዚያ ማኅደር አውጪልኝ።»

«ምን ዓይነት ክር ልስጣት?»

ጋሽ ኦይታ ሻሺቱን አዩ፤ ገበያውን እየዞረች ከሕዝቡ መካከል ርቃለች፤ ሁሉም ያያታል።

«ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፤ ሙሉ ዱንጉዛ» አሉ። ጥቂት አሰቡና ጨመሩበት። «ስሟንም ጻፊበት። ሻሺቱ ኦይታ ብለሽ፣ በትልቁ። ማንም ያንብበው።»